በገለባ ውስጥ የተቆለፈ ስኳር
የሰብል ተረፈ ምርት ለኢንዛይም ዝግጅት ስለሚሰጠው አገልግሎት በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ገብስ ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና ብቅል የምታበቅል ጠላ ጠማቂ እናት የኬሚስትሪውን ስም ባታውቀውም ሥራውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። እህሉ ሲያቆጠቁጥ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች በድፍድፉ ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾውም ያንኑ ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የዚህ ንግግር ርእስ ከዚህ የቤት ሙያ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ፍሬውን ሳይሆን ፍሬው ከተወሰደ በኋላ የሚቀረውን ገለባ፣ አገዳ፣ ቆረቆንዳና ፉርሽካ የሚመለከት መሆኑ ነው።

ገለባ ከስኳር የተሠራ ነው ቢባል ለጆሮ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ግን በአብዛኛው እውነት ነው። ስታርችም ሆነ ሴሉሎስ የግሉኮስ ቅንጣቶች እየተቆላለፉ የሚሠሯቸው ሰንሰለቶች ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በመቆላለፊያው አኳኋን ነው። የስታርች ሰንሰለት ጠመዝማዛና ልል በመሆኑ ኢንዛይም በቀላሉ ይደርስበታል። የሴሉሎስ ሰንሰለት ግን ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚጣበቅ እንደ ገመድ ይጠነክራል፤ በዚያም ላይ ሄሚሴሉሎስ ይጠመጠምበታል፣ ሊግኒንም ይለስነዋል። በጭቃ ቤት ቢመሰል ሴሉሎሱ ማገር፣ ሊግኒኑ ምርጊት ነው።

በ100 ኪሎ ግራም ደረቅ የስንዴ ገለባ ውስጥ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን ሴሉሎስ ይገኛል። 36 ኪሎ ግራም ሴሉሎስ ሙሉ በሙሉ ቢፈታ፣ በየመጋጠሚያው ውሃ ስለሚገባ፣ 40 ኪሎ ግራም ግሉኮስ ይሰጣል። ይህ ግን የወረቀት ስሌት ነው። ኢንዛይሙ በጥሬው ገለባ ላይ ቢፈስስ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ምርጊቱ አስቀድሞ መላላት ስላለበት ገለባው ይፈጫል፣ በኮስቲክ ሶዳ ወይም በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ አለዚያም በእንፋሎት ይቀቀላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1819 እንዳሳየው በሰልፈሪክ አሲድም ስኳሩን ማውጣት ይቻላል። ሆኖም አሲድና ከፍተኛ ሙቀት ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ስኳር ወደ ፉርፉራል ስለሚለውጡት፣ ለእርሾና ለሻጋታ የታሰበው ቀለብ መርዝ ይቀላቀልበታል።

ተፈጥሮ ይህንኑ ሥራ ያለ አሲድ ትሠራዋለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በደቡብ ፓስፊክ የሰፈረው የአሜሪካ ጦር ድንኳኑና የጥጥ ትጥቁ እየበሰበሰ አስቸግሮት ነበር። በቡገንቪል ደሴት ከበሰበሰ ሸራ ላይ አንድ ሻጋታ ተለይቶ ተወሰደ። ጥናቱ የተጀመረው ሸራውን ከብስባሴ ለማዳን ነበር፤ በኋላ ግን በማሳቹሴትስ፣ በናቲክ በሚገኘው የጦሩ ላቦራቶሪ ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ ጥያቄውን ገለበጡት። ሸራ የሚበላው ሻጋታ የሴሉሎስ ቁልፍ ያለው ከሆነ፣ ቁልፉን ከእርሱ መቀበል ይገባል አሉ። ሻጋታው እ.ኤ.አ. በ1977 በሪስ ስም ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ።

የጉዳዩ እምብርት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ተረፈ ምርት ለኢንዛይም ሥራ የሚመረጠው ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚገዛውን ግሉኮስ ስለሚተካ ነው ሲባል ይሰማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሻጋታ ሴሉሎስን የሚፈታ ኢንዛይም የሚያመነጨው ሲቸግረው ነው። የተዘጋጀ ግሉኮስ በብዛት ከቀረበለት ይጠግባል፣ ይወፍራል፣ ኢንዛይሙን ማምረቱን ግን ያቆማል። በገለባ ላይ ሲበቅል ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያ የሚረጨው እጅግ ጥቂት ኢንዛይም ከሴሉሎሱ ትንንሽ ቁራጮችን ይቆርጣል። ሴሎባዮስና ከእርሱ የሚገኘው ሶፎሮስ ወደ ሕዋሱ ገብተው ሴሉሎስ መኖሩን ያበስራሉ፤ ምርቱም ይቀጥላል። ስኳሩ የሚለቀቀው በቀስታ ስለሆነ ጥጋብ አይደርስም። ስለዚህ ገለባ ለሻጋታው ቀለብም ነው፣ ትእዛዝም ነው።

ይህን ያልተገነዘበ ላቦራቶሪ ገለባውን በብዙ ድካም ወደ ሽሮፕ ለውጦ በአንድ ጊዜ ቢያፈስለት፣ የሚያጭደው ብዙ ሻጋታና ጥቂት ኢንዛይም ይሆናል። ሽሮፑ የግድ ከሆነ በጠብታ መሰጠት አለበት። በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተዘጋጀው ዝርያ የግሉኮስን ልጓም በከፊል የጣለ በመሆኑ ለኢንዱስትሪው ትልቅ እርዳታ ሆኗል፤ ደንቡን ግን አልሻረውም።

ቀላሉ መንገድ የቆየው ነው። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት የስታርች መፍቻ ኢንዛይም የተሠራው በስንዴ ፉርሽካ ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነው። ፉርሽካ የተረፈ ስታርች፣ ፕሮቲንና ፎስፌት አለው፤ ከግማሽ ክብደቱ በላይ ውሃ ይዞም አየር ያስገባል። ነገር ግን መዘርጋት አለበት። ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ የተከመረ እንደሆነ መካከሉ እንደ ፍግ ክምር ይግልና ሻጋታው በገዛ ሙቀቱ ይሞታል። ገለባ ብቻውን ናይትሮጅን ስለሚያንሰው ዩሪያ ወይም የኑግ ፋጉሎ ይጨመርበታል። አስቀድሞም በእንፋሎት መቀቀል ይኖርበታል፤ በመጋዘን የቆየ ተረፈ ምርት አፍላቶክሲን የሚያመነጨውን ሻጋታ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

«ተረፈ ምርት» የሚለው ቃል ራሱ ግን መመርመር አለበት። ለመሆኑ የተረፈው ከማን ነው? የጤፍ ጭድ የበጋ መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይሆናል። የበቆሎ አገዳ አጥር፣ ቆረቆንዳውም ማገዶ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎም ቢሆኑ ከብት አድላቢው ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛቸው ናቸው። የሸንኮራ አገዳው ባጋስ እንኳ በስኳር ፋብሪካው ምድጃ ነዶ እንፋሎት ስለሚሰጥ፣ የወሰደው ሰው ምትኩን ነዳጅ ማምጣት አለበት። የጥናት ዘገባ «በነፃ የሚገኝ» ብሎ በሚጽፍበት ረድፍ ላይ ገበሬው የሚያነበው የበሬውን ቀለብ ነው። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ዜሮ ተብሎ የቀረበ የአዋጭነት ስሌት ሁሉ ከዚያው መስመር መታረም ይጀምራል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የተሻለው እጩ በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚከመረው ልጣጭ ይመስላል። ልጣጩ ስኳርና ፔክቲን አለው፤ ወደ ወንዝ ሲገባም የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል። ካፌይንና ታኒን ስላለበት ከብት ብዙ አይበላውም። በፔክቲን ላይ የሚበቅል ሻጋታ ፔክቲን የሚፈታ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ይህም ከተፈለፈለው ቡና ላይ ሙጫማውን ሽፋን የሚያስለቅቀው ነው። በገንዳ ውስጥ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ የሚወስደው ማብላላት በኢንዛይም በሰዓታት ሊያልቅ ይችላል። ካፌይኑና ታኒኑ ሻጋታውንም ስለሚያውኩት፣ ችሎ የሚበቅል ዝርያ መምረጥ ወይም ልጣጩን አስቀድሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ይሁንና ልጣጩ የሚገኘው በለቀማ ወራት ብቻ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተከመረም በጥቂት ቀናት ውስጥ መበስበስ ይጀምራል። በመሆኑም ሥራውን ለሚጀምር ጣቢያ የመጀመሪያው ጥያቄ የሻጋታው ዝርያ ሳይሆን የማድረቂያው ቦታ ነው።