ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

በዛሬው ዝግጅታችን የአውሮፕላን ቲኬት እናነባለን። ጽሑፉ የፈረንጅ ቢሆንም ቁጥሩን ታውቁታላችሁ።

ኦሎምፒያ የምትኖሩ ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ናችሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከቦሌ እስከ አሜሪካ ዋና ከተማ እስከ ዋሽንግተን ግን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ልጅ ወይም ወንድም እዚያ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ታዲያ መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከዋሽንግተን ሲመጣ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ያህል ይበራል። ከእኛ ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ለምን? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን እንደ ቆላው አየር አይደግፍም፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ሰውም፣ ዕቃም፣ ሙሉ ነዳጅም ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ነፋሱ ከፊት ይይዘዋል፤ ሲመለስ ግን ከኋላ ያግዘዋል።

አሁን ቲኬቱን እናንብብ። በጥር ወር ከዋሽንግተን 11:00 ይነሣል፤ በማግሥቱ 08:00 አዲስ አበባ ይደርሳል ይላል እንበል። ብትቆጥሩት 21 ሰዓት ነው። የጉዞው ርዝመት ግን ይህ አይደለም። ሦስት ነገሮችን እንወቅ።

አንደኛ፣ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል። በጥር አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ከ21 ላይ 8 ቀንሱ። 13 ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የቲኬት ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ 08:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ሦስተኛውን በደንብ ልብ በሉ! ለእኛ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። በቲኬት ላይ ግን ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ሰኞ 00:30 የሚል ቲኬት፣ እሑድ ሌሊት ለሰኞ አጥቢያ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ተጓዡ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይገኝ ከተባለ፣ እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ መድረስ አለበት። «ሰኞ ነው» ብሎ ሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሎ አድሯል። ዘመድ የተሰናበተው፣ ስንቅ የተሰነቀው፣ ገንዘብ የወጣበት ጉዞ በአንዲት ቁጥር ይቀራል። እንግዳ ልትቀበሉ ስትሄዱም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ቲኬቱን ለሌላ ሰው ብቻ አትተዉ። ራሳችሁም አንብቡት።

መልመጃ፦ ረቡዕ 01:15 የሚነሣ አውሮፕላን በእኛ አቆጣጠር የትኛው ሌሊት፣ ስንት ሰዓት ላይ ይነሣል? በደብተራችሁ ጻፉ።

መልስ፦ ማክሰኞ ሌሊት ለረቡዕ አጥቢያ፣ 7 ሰዓት ከሩብ።