በሴሚስተር ስንት ሙከራ?

ሳባ፦ ዳዊት፣ የፊዚክስ መምህር ብትሆን በሴሚስተር ስንት የላብራቶሪ ሙከራ ታሠራለህ?

ዳዊት፦ ሦስት።

ሳባ፦ ሦስት ብቻ? ሌንሱስ? የኦም ሕግስ? ልጆቹ አሚተር ሳይነኩ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ነው?

ዳዊት፦ ፔንዱለምን ውሰጂ። አንድ ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አስረሽ ስታወዛውዢው፣ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሰዓቱን የሚጫነው ጣት ደግሞ በ0.2 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ይህ 10 በመቶ ስሕተት ነው። የስበት ፍጥንጥነት ሲሰላ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ፣ ስሕተቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል።

ሳባ፦ 20 ውዝዋዜ አንድ ላይ ይለኩዋ!

ዳዊት፦ አየሽ፣ ያንን ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ነው የምፈልገው። ያው 0.2 ሰከንድ ለ40 ሰከንድ ሲካፈል ግማሽ በመቶ ይሆናል፤ ውጤቱ ላይ 1 በመቶ። ግን ተሳስቶ፣ ተገርሞ፣ እንደገና ለመለካት ጊዜ ያስፈልገዋል። ስናጣድፈው ምን ያደርጋል? የስበት ፍጥንጥነቱን 9.8 ከመጽሐፉ አይቶ ወደ ኋላ ያሰላል።

ሳባ፦ እሱስ እውነት ነው፤ ስንቱ ነው እንዲህ ያለፈው! ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ነው፤ ከሁሉም ምዕራፍ ይጠይቃል። ሌንስ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ሥዕሉን ይሸመድዳል እንጂ አይገባውም።

ዳዊት፦ ሌንሱንና አሚተሩን መምህሩ ከፊት ሆኖ ያሳያቸው፣ በየተራ ይንኩት። ሪፖርት ግን አይጻፍበት።

ሳባ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ሦስቱን ወደ አምስት ከፍ ካደረግህልኝ ብቻ! መምህራን አድማጮቻችን፣ እናንተስ ስንት ታሠራላችሁ? ደውሉልን።