ልጅ ከሆድ ሕመም በኋላ መቼ ወደ ትምህርት ቤት ይመለስ?

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ከትልልቅ ጉዳዮች ጋር ሲነጻጸር ያነሰ መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር ነው። ይኸውም ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ያደረ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይሂድ ወይስ ከቤት ይዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ደግሞ በማይመች ሰዓት ነው። አባት ክራባቱን ሲያስር፥ እናት የምሳ ዕቃ ስታሰናዳ፥ የትምህርት ቤቱ መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ፥ የመሥሪያ ቤት መግቢያ ሰዓትም ሲደርስ፥ ያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ልጁን አይቶ ሳይሆን ሰዓቱን አይቶ የሚሰጥ ፍርድ ይሆናል። «ሌሊት ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ግን ደኅና ነው» ይባልና ልጁ ይላካል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ልጁን መላክ ወይም ማስቀረት በማለዳ ጥድፊያ የሚቆረጥ ሳይሆን አስቀድሞ በታወቀ ደንብ የሚወሰን ነገር ነው። ደንቡም በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፥ ልጁ የትምህርቱን ቀን ሊችለው ይችላልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ልጁ ሕመሙን ወደ ሌላ ልጅ ሊያስተላልፍ ይችላልን? የሚል ነው።

ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ እንጠይቃለን። ልጅ ሲታመም ፈጥኖ ይወድቃል፤ ሲሻለውም ፈጥኖ ይቦርቃል። ትናንት ማታ ያቃስት የነበረው ዛሬ ጧት ኳስ ሲያባርር ስናየው ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን የልጁ መዳን አንድ ነገር ነው፤ በሽታውን ማስተላለፉን ማቆሙ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን አይመጡም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሆድ ሕመም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። በፋሲካ ጾም የፈታ ልጅ ዶሮውንና ቅቤውን አብዝቶ በልቶ አንድ ጊዜ ቢያስመልሰው፥ ወይም በጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ሲሄድ አጥወልውሎት ቢያስታውከው፥ ይህ ምክንያቱ የታወቀና ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፍ ነው። በፈተና ቀን ጧት ብቻ «ሆዴን አመመኝ» የሚል፥ ቅዳሜና እሑድ ግን የማያመው ልጅ ቢኖርም መድኃኒቱ ከቤት መዋል ሳይሆን የሚያስፈራውን ነገር በፍቅር ጠይቆ መረዳት ነው። ተቅማጥ የሚባለው ግን በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ወይም ውሃ የመሰለ ሰገራ ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለ ተቅማጥ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትውከት የያዘውን ልጅ ተላላፊ ሕመም እንደያዘው ቆጥሮ ደንቡን መጠበቅ ይሻላል።

ደንቡ ምንድን ነው? የእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች ለወላጆችና ለትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ምክር ቀላልና ግልጽ ነው። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ጀምሮ 48 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ከቤት ይዋል ይላል። አቆጣጠሩን በምሳሌ እንየው። ልጃችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጠው ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ቢሆን፥ 48 ሰዓት የሚሞላው ረቡዕ ማታ በ2 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚመለሰው ሐሙስ ጧት ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ እንደ ገና ቢያስቀምጠው ግን ቁጥሩ ከዚያ ሰዓት እንደ አዲስ ይጀመራል፤ መመለሻውም ዓርብ ይሆናል። እንግዲህ የሚቈጠረው ሕመሙ ከጀመረበት ሳይሆን ካቆመበት ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት በወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ የማለዳውን ክርክር ሁሉ ያስቀራል።

ምናልባት «ከዳነ ልጅ ምን ይተላለፋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ተቅማጥንና ትውከትን ከሚያመጡት ተዋሲያን ብዙዎቹ፥ ሕመሙ ካቆመ በኋላም ለቀናት ያህል ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። በተለይ ኖሮቫይረስ የተባለው በጣም ጥቂቱ እንኳ ሰውን ለማሳመም ይበቃል። የዚህም ተዋሲ ታሪክ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1968) በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት ኖርዎክ በምትባል ከተማ፥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ትውከት ተነሣ። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ ግማሽ ያህሉ ታመሙ። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ከታመሙት ጋር በአንድ ቤት ከሚኖሩት ቤተሰቦች ውስጥ ሲሶ ያህሉ ተከትለው ታመሙ። እ.ኤ.አ. በ1972 አልበርት ካፒኪያን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከዚያ ከተቀመጠው የሰገራ ናሙና ተዋሲውን ለይተው አሳዩ፤ ስሙም ከከተማይቱ ስም ተወሰደ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ በሽታው በትምህርት ቤት በር ገብቶ በየቤቱ በር እንደሚወጣ ነው። የእኛ ልጅ የ8 ዓመት ጎረምሳ ስለ ሆነ በሁለት ቀን ይድን ይሆናል። አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ግን ከቤቱ የ5 ወር እኅት ልትኖረው ትችላለች። ተቅማጥ ዛሬም በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። በአገራችን የሮታቫይረስ ክትባት በ2006 ዓ.ም. ለሕፃናት መሰጠት ጀምሯል፤ ብዙም ጠቅሟል። ነገር ግን የሚከላከለው ሮታቫይረስን ብቻ ስለ ሆነ፥ ከሌሎቹ ተዋሲያን የሚያድነን የራሳችን ጥንቃቄ ነው። እንግዲህ ያቺ ሕፃን እንዳትታመም የሚያደርገው አጥር በኛ ደጃፍ ላይ የሚታጠር አጥር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ልጁን ከቤት ካስቀራችሁ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይጀመራል። ወላጆች ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ልጁ ከአያቱ ወይም ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ይውላል። ስለዚህ የሚደረገውን ሁሉ በሚገባ አስረድቶ መሄድ የወላጅ ግዴታ ነው።

አንደኛ፥ የሚጠጣ ነገር ነው። ተቅማጥ ሰውን የሚጎዳው ውሃውንና ጨውን ከሰውነቱ አሟጦ በማውጣት ነው። ለዚህም የተዘጋጀው በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፥ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይበጠበጣል፤ የ1 ሊትሩ ከረጢት ሳይከፈል ሙሉው በ1 ሊትር ውሃ ይገባል። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ልጁ በትንሽ በትንሹ፥ በማንኪያ ወይም በስኒ ይጠጣ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከፊተኛው ይልቅ በዝግታ እንደ ገና ይጀመርለት። የዚህን ቀላል መጠጥ ኃይል ዓለም የተረዳው እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ነው። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በሕንድ ድንበር ባለ የስደተኞች ሠፈር የኮሌራ ሕሙማንን በዚህ መጠጥ ሲያክሙ፥ ከ100 ሕሙማን እስከ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ።

ሁለተኛ፥ ልጁን ምግብ መከልከል አይገባም። «ሆዱ ይረፍ» እየተባለ ማስራብ ጉልበቱን ይሰርቀዋል እንጂ ሕመሙን አያሳጥርለትም። አጥሚት፥ ሩዝ፥ ድንች፥ ሙዝ፥ ለስለስ ያለ ፍትፍት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ጡት የሚጠባም እንደ ወትሮው ይጥባ። የጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ሊያብስ ይችላል፤ ቡናም ለልጅ መድኃኒት አይሆንም። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ወይም ከአሁን ቀደም የተረፈ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ጤና ጣቢያ የዚንክ እንክብል ቢሰጠው፥ ተቅማጡ ቢያቆምም እንኳ የታዘዘው ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ ይፈጸምለት።

ሦስተኛ፥ ንጽሕና ነው። ልጁም አስታማሚውም ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። በእጅ ላይ የሚቀባው አልኮል ኖሮቫይረስን በሚገባ ስለማይገድል የሳሙናን ስፍራ አይተካም። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ለዚህ ጉዳይ ብቻ አንድ ጀሪካን ለይቶ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። ትውከት የነካው ወለል በመጀመሪያ ይጠረግ፤ ቀጥሎ በውሃ በተበጠበጠ በረኪና ይታጠብ። ምግብ የሚያበስለው ሰው ራሱ ቢታመም ደግሞ፥ ያው የ48 ሰዓት ደንብ እስኪሞላ ከማእድ ቤት ይራቅ።

ከዚህ በላይ ከተናገርኩት ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ልጁ መጠጣት ቢያቅተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ቢያስመልስ፥ ዓይኑ ቢጎደጉድ፥ ሲያለቅስ እንባ ባይወጣው፥ ሽንቱ ቢያንስ ወይም እጅግ ቢጠቁር፥ ቢፈዝና እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው፥ በሰገራው ደም ቢታይ፥ ኃይለኛ ትኩሳት ወይም የማይለቅ የሆድ ቁርጠት ቢይዘው፥ ትውከቱ አረንጓዴ ቢሆን፥ ወይም ተቅማጡ የሩዝ እጣቢ መስሎ ቢጎርፍ፥ ያን ጊዜ ጥያቄው ትምህርት ቤት ይሂድ ወይስ ቤት ይዋል የሚል አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በመንገድም ኦ.አር.ኤስ. መጠጣቱን አያቋርጥ። የስድስት ወርና ከዚያ በታች የሆነ ሕፃን ሲሆን ደግሞ ምልክቱን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቀደም ብሎ ማሳየት ይገባል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልመለስ። «ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለታችንም ሠራተኞች ነን፤ ማን ይቅር?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሁለት ቀን ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይህም በሕመሙ ሌሊት ሳይሆን በጤናው ቀን የሚመከርበት ነገር ነው። ባልና ሚስት አንዱ ጧት ሌላው ከሰዓት በኋላ እንዲቀሩ አስቀድመው ይስማሙ፤ ከዘመድ መካከል ማንን መጥራት እንደሚቻል ይወቁ። የቀረው ሸክም ሁሉ በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ አባቶች ያስቡበት። የመሥሪያ ቤት አለቆች የሆናችሁ ደግሞ፥ የአንዱን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ፈቃድ ስትከለክሉ በሚቀጥለው ሳምንት የአራቱን ልትሰጡ እንደምትችሉ አስቡ፤ የአራቱ ልጆች በአንድ ክፍል የሚማሩ ይሆናሉና።

የፈተና ቀን ቢሆንስ? ወላጅ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በዚህ ነው። በዚያን ቀን ማለዳ ለክፍሉ አለቃ ወይም ለርእሰ መምህሩ በስልክ ነገሩን ገልጾ ሌላ ቀን መጠየቅ ያሻል። ሆዱን ይዞ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ልጅ በጽሑፉ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ጓደኞቹን ግን ይጎዳል። ለመምህሩም እውነቱን መናገር ይገባል እንጂ «ጉንፋን ይዞት ነበር» ብሎ መሸፈን አይጠቅምም። መምህሩ ካወቀ ሌሎቹን ልጆች እጃቸውን ያስታጥባል፤ ሌላ የታመመ እንዳለም ይጠይቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉና አባቶቻችን፥ የልጆችም በሽታ ከተደበቀ መድኃኒት የማያገኘው የደበቀው ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ነው።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አድማጮች፥ ልጃችሁ ሌሊት ቢያመው የመጨረሻውን ሰዓት ጻፉ፤ 48 ሰዓት ቁጠሩ፤ እስከዚያው አጠጡት፥ አብሉት፥ እጁን አስታጥቡት። ሰዓቱ ሲሞላ፥ ልጁም በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት ስታዩት፥ ያለ ሥጋት ላኩት። ያመለጠው የሁለት ቀን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ተገልብጦ ይሟላል። የናንተን ጥንቃቄ የማታውቀው የዚያ የጓደኛው ታናሽ እኅትም በጤና ታድራለች።