ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን



መሣሪያ የያዙ ሰዎች በድንገት በሰላማዊ ሕዝብ ላይ ሲተኩሱ ፖሊስ ምን ማድረግ አለበት? ሕዝቡስ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። እዚህ የመጣነው ፊደል ልናስቆጥር ነው። ታዲያ የጥይት ወሬ ከየት መጣ ትሉን ይሆናል። ታሪኩ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ታሪክ ስለሆነ ነው።

አገሩ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ጋሪሳ በምትባል ከተማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሳይቀድ አራት የአልሸባብ ታጣቂዎች ዘበኞቹን ገድለው ወደ ግቢው ገቡ። አብዛኛው ተማሪ በመኝታ ቤቱ ነበር። በዚያን ቀን 148 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት የሚበዙት ተማሪዎች ነበሩ።

በከተማው የነበሩት ፖሊሶችና ወታደሮች ግቢውን ከበቡ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቦታ ሰብረው እንዲገቡ በልዩ የሠለጠኑት ፖሊሶች የሚኖሩት በዋናው ከተማ በናይሮቢ ነበር። ከናይሮቢ ጋሪሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእግር ቢኬድ ከሳምንት በላይ ያስኬዳል። እነዚያ ፖሊሶች ጋሪሳ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ወደ ሕንፃው ከገቡ በኋላ ግን ሥራው ብዙ አልፈጀም። እንግዲህ ልብ በሉ። ሙያው ነበረ፤ ነገር ግን ሩቅ ነበር። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ሥልጠና ለዋናው ከተማ ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለሕዝቡ ቅርብ ለሆነው ፖሊስ ጣቢያም መድረስ አለበት።

ሥልጠና ቢኖርም መግባባት ከሌለ አይጠቅምም። መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ዌስትጌት በሚባል ትልቅ የገበያ ሕንፃ ላይ አደጋ ደርሶ 67 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ጊዜ ፖሊሱና ወታደሩ በአንድ አዛዥ ሥር አልነበሩም። ከዚህ የተነሣ አንድ የፖሊስ መኮንን በገዛ ወገኑ ጥይት ሞተ። በአንድ እርሻ ላይ ሁለት ሰው ሞፈር ቢይዝ በሬው ወዴት ይሂድ?

ሌላም ትምህርት አለ። ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም. በናይሮቢ በስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ ተብሎ ተኩስ ተተኮሰ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ልምምድ መሆኑን አላወቁም። የጋሪሳው ሐዘን ገና ከልብ አልወጣም ነበርና ሰዎች ከፎቅ ዘለሉ። አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሞተች፤ ብዙዎች ተጎዱ። ጠላት ሳይመጣ ድንጋጤ ብቻውን ገደለ። ሕዝቡ ያልተነገረው ልምምድ ልምምድ አይደለም።

ኬንያውያን ከዚህ ሁሉ ተምረዋል። ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ዱሲት በሚባል ሆቴል ግቢ ላይ ሌላ አደጋ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ፖሊሶች ፈጥነው ገቡ። 21 ሰዎች ሞቱ፤ ይህም ትልቅ ሐዘን ነው። ሆኖም ከ700 በላይ ሰዎች በሕይወት ወጡ።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዚህ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት ነው? ፖሊስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ በእናንተው እጅ ነው። ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች እንያዝ።

አንደኛ፤ ገበያ ወይም ስብሰባ ስትሄዱ መውጫውን አስቀድማችሁ እወቁ። ሁሉም በአንድ በር ሲጋፋ ሰው ተረጋግጦ ይሞታል።

ሁለተኛ፤ ተኩስ ስትሰሙ ራቁ። «ምንድን ነው?» ብላችሁ ለማየት አትሂዱ። መሸሽ ካልተቻለ በር ዝጉ፤ መሬት ላይ ተኙ፤ ዝም በሉ። ከጭቃ ግድግዳ ይልቅ የድንጋይ ካብ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ለፖሊስ ያያችሁትን ብቻ ንገሩ። የት ናቸው? ስንት ናቸው? ምን ይዘዋል? ያላዩትን አየሁ ማለት ፖሊሱን ያሳስታል።

አራተኛ፤ ደም አቁሙ። ደሙ በኃይል የሚፈስ ሰው በጥቂት ደቂቃ ሊሞት ይችላል። ንጹሕ ነጠላ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ በሁለት እጃችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ቶሎ ቶሎ እያነሣችሁ አትዩ። የቆሰለው እጅ ወይም እግር ከሆነና ደሙ እንቢ ካለ፣ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ እሰሩ፤ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አጠንክሩት። ሐኪም ሳያይ አትፍቱት። የታሰረበትንም ሰዓት ያዙ። ቡና ወይም አፈር በቁስል ላይ አይደረግም።

አምስተኛ፤ ፖሊስ ሲደርስ ዱላችሁን ጣሉ፤ ባዶ እጃችሁን አሳዩ። በዚያች ሰዓት ፖሊሱ ወዳጁን ከጠላቱ ለይቶ አያውቅም።

ይህን የምንነግራችሁ እንድትፈሩ አይደለም። በረቱን የሚያጥር ገበሬ ጅብ ፈርቶ ከብት አላረባም አይልም፤ አጥሮ ይተኛል እንጂ። በሚመጣው ስብሰባ የፖሊሱን አዛዥ እንጋብዝና «ሰው እሪ ሲል በስንት ጊዜ ትደርሳላችሁ? ምን ሥልጠናስ አላችሁ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር የለውም።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ የምትሠሩት አንድ ሥራ አለ። አሁን መጻፍ ችላችኋል። የፖሊስ ጣቢያውንና የጤና ጣቢያውን የስልክ ቁጥር ጠይቃችሁ፣ በእጃችሁ ጽፋችሁ በበራችሁ ጀርባ ለጥፉ። ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው። ፊደል የተማርነው ለዚህም ነው።