ያረጀን የጦር አውሮፕላን ዳግም ማብረር፦ ምን ይተካል፣ ምን ይቀራል?



የዛሬው ንግግሬ ያረጁ የጦር አውሮፕላኖችን ዳግም ለበረራ ስለማብቃት ነው። ጉዳዩ የባለጸጎች መዝናኛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከባድ የምህንድስና ጥያቄ ይዟል። አንድ ማሽን እንዲሠራ ሲባል ምን ያህል አካሉን መለወጥ ይገባናል? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለታሪካችን ቀረብ ከሚል ምሳሌ ልጀምር። የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ የሠራው ቢ 17 ቦምብ ጣይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1940 ነው። ከአሜሪካው ባለ አራት ሞተር ቢ-17 ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ የስም መገጣጠም ነው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ያደራጁት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ከ1947 ጀምሮ እነዚህን አውሮፕላኖች እየገዛ ቢሾፍቱ ላይ አሰልፏቸዋል። ከተሠሩት ከሦስት መቶ በላይ ቢ 17ዎች መካከል ሙዚየም ከገባ በኋላ ዳግም ለበረራ የበቃው አንዱ ነው፤ እሱም የ«ኤ» ዓይነት ነው።

ለምን የ«ኤ» ዓይነት? ምክንያቱ ሞተሩ ይመስለኛል። ስዊድኖች በጦርነቱ ዘመን ፈቃድ ሳያገኙ ገልብጠው የሠሩት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ትዊን ዋስፕ ነው፤ 14 ሲሊንደር ያለውና በአየር የሚቀዘቅዝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47ም የዚሁ ሞተር ቤተሰብ ነበረው። ሞተሩ ከ170 ሺህ በላይ ስለተመረተ መለዋወጫውም፣ ጠባዩን የሚያውቅ መካኒክም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ሌሎቹ የቢ 17 ዓይነቶች የያዟቸው ሞተሮች እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም።

ሞተሩ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የአካሉ ችግር ይመጣል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያሳይም። ከቀለም ሥር ሆኖ ከውስጥ ይበላል፤ ሲብስበትም እንደ መጽሐፍ ገጽ ይላቀቃል። ለዓመታት ጫና የተፈራረቀበት የክንፍ ተሸካሚም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሪቬቶቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ክፍሎቹ በኤክስሬይና ወደ ስንጥቅ ዘልቆ በሚገባ ቀለም ይመረመራሉ፤ የማያስተማምነው በአዲስ ይተካል። አንዳንድ ሪቬቶች በሙቀት ከታከሙ በኋላ ቶሎ ስለሚጠነክሩ እስኪመቱ ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህን በክፍል ውስጥ በተናገርሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ ነገር ግን እውነት ነው።

በ1942 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ተገዶ ያረፈ ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን በ1992 ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው በረዶ ሥር ወጣ። በረዶው ጨፍልቆት ስለነበር የበረረው ከአሥር ዓመት ሥራ በኋላ በ2002 ነው። ትልቅ ድል ነው፤ አልክድም። ሆኖም የተጎዳ አካል ራሱ ሰነድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ የጻፈው ቁጥር፣ የመጀመሪያው ቀለም፣ በችኮላ የተለጠፈ ቆርቆሮ ምስክርነት ይሰጣሉ፤ በአዲስ ሲተኩ ምስክርነቱ አብሮ ይሄዳል። የሚበር አውሮፕላን ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። በ2019 በኮነቲከት የወደቀው የአሜሪካ ቢ-17 ሰባት ሰዎችን ይዞ ጠፍቷል። ስለዚህ የእኔ አቋም ከአንድ ዓይነት ብዙ ከተረፈ አንዱ ይብረር፣ የመጨረሻው ከሆነ ግን መሬት ላይ ይቆይ የሚል ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ በዚህ አይስማሙም።

ወረቀትም እንደ ብረት ያስፈልጋል። በ2007 ዳግም የበረረው የእንግሊዝ ቩልካን ቦምብ ጣይ በ2015 በረራውን ያቆመው ለመብረር ብቃቱ ዋስትና ይሰጡ የነበሩት ኩባንያዎች ድጋፋቸውን ስላነሱ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ካናዳ በ1950ዎቹ ለኢትዮጵያ ከሸጠቻቸው ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች ሁለቱ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ካናዳ ተመልሰው ሙዚየም ገብተዋል። የእኛን ሰማይ ያዩ ክንፎች መመርመር የሚሻ ተማሪ ዛሬ እዚያ መሄድ ይኖርበታል። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ይብረር ወይስ ይቀመጥ ብለን ከመከራከራችን በፊት በየሜዳውና በየግቢው ወድቆ የሚገኝ የአውሮፕላን አካል ሁሉ ቁራሌው ሳይቀድመን ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ የተለያ ቁጥሩ ይመዝገብ። ለዚህ ሃንጋር አያስፈልግም፤ ሜትር፣ ካሜራና ጥቂት ትጉህ ተማሪዎች ይበቃሉ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከንግግሩ በኋላ ስማችሁን ብታስመዘግቡ ደስ ይለኛል።