የሞተር ብስክሌት ኩሽኔታ፤ ቁጥሩን አንብቦ በቤት መለወጥ

በዛሬው ንግግራችን እርሳስና መዶሻ አብረው ይሠራሉ። የምንነጋገረው ስለ ሞተር ብስክሌት ጎማ ኩሽኔታ ነው።

የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛዋ፣ ነጋዴው በሞተር ብስክሌት ይሄዳሉ። አንዳንዴ ከኋላ ሰው ይፈናጠጣል፤ አንዳንዴ እህል ይጫናል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በጎማው እምብርት ውስጥ በተቀመጡ ትንንሽ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ኩሽኔታ ሲያልቅ ጎማው ይወላገዳል። ቸል ከተባለም ተሰባብሮ ጎማውን ሊይዘውና ነጂውን ከነጫነው ሰው ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሕይወትም ነው።

ኩሽኔታ ምንድን ነው? ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣል። በመካከላቸው የብረት ብዮች አሉ። የውጭው ቀለበት ከጎማው ጋር ይዞራል። የውስጡ ቀለበት ግን በፔርኖው፣ ማለትም በጎማው ዘንግ ላይ ተይዞ ይቆማል። ብዮቹ በመሀል እየተንከባለሉ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር ያደርጋሉ። ውሃና አቧራ ሲገባ ግን ግሪሱ ይበላሻል፤ ብረቱም ይዝጋል።

ማለቁን በምን እናውቃለን? ሞተሩን አጥፉ። ጎማው ከመሬት እንዲነሣ አድርጋችሁ በጠንካራ ነገር ላይ አቁሙት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ጎማው ብቻውን ከላላና ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ጎማውን የያዙት ብረቶች አብረው ከተወዛወዙ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በእጃችሁ አዙሩት። ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ካንኳኳ ወይም ከሻከረ መለወጥ አለበት።

የሚያስፈልጉን ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ መፍቻ፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጫፉ ያልሾለ ረዥም የብረት ዘንግ፣ ሁለት ጣውላ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ግሪስ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። እርሳስና ወረቀትም አትርሱ።

አንደኛ፤ ሞተር ብስክሌቱ እንዳይወድቅ ሜዳ መሬት ላይ አቁሙት። የሚይዝላችሁ ሰው ቢኖር መልካም ነው። የፔርኖውን ዳዶ ፍቱና ፔርኖውን ሳቡ። ከግራና ከቀኝ የሚወጡትን ቀለበቶችና ቱቦዎች በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ደርድሩ። በወረቀት ላይም «ግራ 1፣ ግራ 2፣ ቀኝ 1» እያላችሁ ጻፉ። የኋላ ጎማ ከሆነ ካቴናው የተወጠረበትን ምልክት መዝግቡ። ሰው ይረሳል፤ ወረቀት አይረሳም።

ሁለተኛ፤ የፍሬኑን ነገር ተጠንቀቁ። ባለ ዲስክ ፍሬን ከሆነ ጎማው ወጥቶ ሳለ የፍሬን እጀታውን አትጨብጡ። ጎማውንም በዲስኩ ላይ አታስተኙት። ባለ ሸራ ፍሬን ከሆነ ውስጡ ያለውን አቧራ በአፋችሁ አትንፉት፤ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሦስተኛ፤ ኩሽኔታውን የሚሸፍነውን ጎማ በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አንሡ። የሚያግድ የሽቦ ቀለበት ካለ በፒንሳ አውጡት። አሁን የኩሽኔታው ፊት ይታያል። መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት ጥረጉትና አንብቡ።

በብረቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ለምሳሌ 6202 ይላል እንበል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች የመሀል ቀዳዳውን ስፋት ይነግሩናል። 00 ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ከሆነ 12፣ 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ከ04 ጀምሮ በ5 ታባዛላችሁ። 04 ሲባዛ በ5፣ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አሁን 6202ንና 6302ን አስተያዩ። የሁለቱም ቀዳዳ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ፔርኖው በሁለቱም ይገባል። ነገር ግን የ6202 የውጭ ስፋት 35፣ የ6302 ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረታቸውም 11 እና 13 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ ፔርኖውን አስገብቶ «ይኸው ገባ፤ ያው ነው» ቢላችሁ፣ እናንተ «ሁለተኛውን አኀዝ እንይ» ትላላችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው የሰጡትን ይዞ ይሄዳል። የሚያነብ ሰው የሚፈልገውን ጠይቆ ይገዛል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የላቲን ፊደሎች ይኖሩ ይሆናል። «2 አር ኤስ» የሚለው በሁለቱም ጎን በጎማ የተሸፈነ ነው። «ዜድ ዜድ» የሚለው በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው። ለጭቃና ለውሃ በጎማ የተሸፈነው ይሻላል። ቁጥሩን ከነፊደሉ ገልብጡና ወደ ገበያ ሂዱ። የግራውንም የቀኙንም አንብቡ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መለወጥ ይበጃል።

አራተኛ፤ አሮጌውን ማውጣት። መነጽራችሁን አድርጉ፤ የኩሽኔታ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ጎማውን በሁለት ጣውላዎች ላይ አስተኙ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ቱቦ አለ። እሱን በካቻቢቴ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። ከዚያ ዘንጉን ከላይ አስገብታችሁ የታችኛውን ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ምቱ። አንድ ቦታ ብቻ አትምቱ፤ ዙሪያውን እየዞራችሁ ምቱ። አልወጣ ካለ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በእምብርቱ ዙሪያ አድርጉ። እምብርቱ አሉሚኒየም ከሆነ ሲሞቅ ከብረቱ ይበልጥ ስለሚሰፋ ኩሽኔታውን ይለቀዋል። እሳት ግን አታስጠጉ። እንዲህ ተመትቶ የወጣ ኩሽኔታ ተመልሶ አይገባም።

አምስተኛ፤ አዲሱን ማስገባት። ቤቱን ጥረጉ። አዲሱ ኩሽኔታ በእጅ ተገፍቶ ከነላላነቱ ከገባ ቤቱ ተበልቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ስታስገቡ የውጭውን ቀለበት ብቻ ምቱ። በልኩ የሆነ ቱቦ ወይም አሮጌውን ኩሽኔታ ደርባችሁ ምቱበት። የውስጡን ቀለበት ብትመቱ ጉልበቱ በብዮቹ በኩል ያልፋል፤ አዲሱም ዕቃ ሳይሠራ ይበላሻል። ዳር ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ አቁሙ። የትኛው ጎን እንደሚቀድም የሞተሩ መጽሐፍ ይናገራል።

ሁለተኛውን ከማስገባታችሁ በፊት የመሀሉን ቱቦ አስገቡ። ይህ ቱቦ ከተረሳ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች ወደ መሀል ይጨመቃሉ። ኩሽኔታው ይግላል፤ ቶሎም ያልቃል።

ስድስተኛ፤ መግጠም። የተሸፈነ ኩሽኔታ ግሪሱን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል። ክፍት ከሆነ እናንተ ሙሉት። ፔርኖውን በስሱ ግሪስ ቀቡ። ዲስክና የፍሬን ሸራ ግን ግሪስ አይንካቸው። ከዚያ ወረቀታችሁን አውጡና ዕቃውን በጻፋችሁት ተራ መልሱ። ዳዶውን መጽሐፉ በሚያዘው መጠን አጥብቁ። የሽቦ መቆለፊያ ካለው አዲስ አድርጉለት። ጎማው ሳይላላ በነፃ መዞር አለበት።

ከመንዳታችሁ በፊት ፍሬኑ እስኪይዝ ደጋግማችሁ ጨብጡ። በደጃፍ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ፍሬኑን ሞክሩ። ጥቂት ከነዳችሁም በኋላ ቆማችሁ ዳዶውን እዩ። ፍሬን ብዙ ሳትይዙ እምብርቱ አካባቢ ከጋለ አትንዱት፤ እንደገና ይፈተሽ። ፍሬኑን ካልተማመናችሁበትም ወደ ጋራዥ ውሰዱት። ይህ ውርደት አይደለም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ለሥራው ጊዜ ስጡት።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ 6205 የሚል ኩሽኔታ የመሀል ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? አስልታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ለማያነብ ጎረቤታችሁ እንዴት እንዳገኛችሁት አስረዱት።