ዶሮ አሮስቶ በድፎ ዳቦ እሳት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በወለንጪቲ የተደረገ ንግግር)






 ከእኔ በፊት የተናገሩት ታላላቆቼ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው ገልጸዋል። እኔ የምናገረው ስለ ዶሮ ነው። ያውም ስለ ማርባቱ ሳይሆን ስለ መብላቱ ነው። ፈገግ ያላችሁ እናቶች እንዳላችሁ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

እንደሚታወቀው የዶሮ እርባታ ፓኬጅ ወደ ቀበሌዎቻችን ከገባ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ሥራውን አጠናክሮታል። እኛ የልማት ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞርን ስለ መኖ፣ ስለ ክትባትና ስለ ገበያ አስተምረናል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ ቆይተናል። ዶሮ ከሚያረባው ቤተሰብ ውስጥ ዶሮ የሚበላው ማነው? በዓመትስ ስንት ጊዜ?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶሮ የሚታረደው በበዓል ወይም ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜም ፈረሰኛው ለአባወራ፣ ጥሩ ጥሩው ለእንግዳ ይሆንና ለሕፃናቱ መረቅ የነካ እንጀራ ይደርሳቸዋል። የቀረው ዶሮና እንቁላል ወደ ገበያ ይሄዳል። መሸጥ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የልጆች ደብተርና የቤት ዘይት የሚገዛው ከዚያ ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 37 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው ይህንኑ ችግር ለማስወገድ ነው። እንግዲህ ልጅን የሚያሳድገው ምግብ በጓሯችን እየተንጫጫ ልጆቻችን ሊቀነጭሩ አይገባም።

ችግሩ ያለው ከአሠራሩም ጭምር ነው። ዶሮ ወጥ የክብር ምግባችን ነው። ነገር ግን 12 ብልት አውጥቶ፣ 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ሽንኩርት ከትፎ፣ በርበሬና ቅቤ ጨምሮ ሲያቁላሉ መዋል ለአዘቦት ቀን አይመችም። ስለሆነም ቀለል ያለ አሠራር ያስፈልገናል። ይህም ከተማው ዶሮ አሮስቶ የሚለው ነው።

ታዲያ ይህን ለማሳየት ባለፈው ዓመት በጥር ወር እናቶችን ሰብስቤ ነበር። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ተብሎ ብዙ ተሳቀ። በየእምነታችን ሁለት ዶሮዎች ታርደው በሁለት ምጣድ ተጣዱ። እኔም እንቁላል መጣል ያቆሙ አሮጌ ዶሮዎች መሆናቸውን እያወቅሁ፣ በጥሬያቸው ኃይለኛ እሳት ላይ አስቀመጥኳቸው። ቆዳቸው ከሰለ፣ ሥጋቸው እንደ ጠፍር ሆነ። በዚህ ጊዜ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ያረጀች ዶሮ በእሳት ብቻ አትለሰልስም፤ መጀመሪያ ቀቅላት። ፉርኖ የለንም ብለህም አትጨነቅ። ድፎ ዳቦ በምን ይጋገራል?» እውነታቸውን ነው። ድፎ ዳቦ ከታችም ከላይም እሳት አለው። ፉርኖ ማለትም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁን ከእኚህ እናት ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ የምትታረደውን መምረጥ ያስፈልጋል። ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት ተኩል ያለፈ ዶሮ እንቁላሏ እየቀነሰ ይሄዳል። ኩክኒዋ ከገረጣና ከተኮማተረ፣ በእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ባሉት አጥንቶች መካከልም ሁለት ጣት የማይገባ ከሆነ መጣል አቁማለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። በወር ከ3 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ገበያ ባልቀናበት ወቅት እሷን በከንቱ ከመቀለብ ለቤተሰብ ማዋሉ ይሻላል።

ዶሮዋ ከተበለተች በኋላ በውኃ፣ በጨው፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት በዝግታ እሳት ለሁለት ሰዓት ያህል ትቀቀል። መረቁ አይደፋም። በብርድ ጊዜ ለሕፃናትና ለአራስ ጥሩ ምግብ ነው። ከዚያም በመጋገሪያው ላይ የተከተፈ ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተነጥፎ፣ ሥጋው በዘይት፣ በእርድ፣ በቁንዶ በርበሬና በሎሚ ታሽቶ ከላይ ይደረደራል። ጥቂት የጥብስ ቅጠልና አንድ ጭልፋ መረቅ ይጨመርበታል። የብረት ክዳን ተከድኖበት ከሥርም ከላይም ፍም ይደረግለታል። ድንቹ ሲበስልና ሥጋው ሲቀላ፣ ይኸውም በ40 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ዳቦ በተጋገረበት ቀን ከሆነ ያው ፍም ስለሚያገለግል እንጨት ይቆጠባል። ለጋ ቄብ ወይም አውራ ከሆነ መቀቀል አያስፈልገውም። ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይጋገራል። የኤሌክትሪክ ፉርኖ ያላችሁ 180 ወይም 200 ዲግሪ ላይ አድርጉት። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ አጥንቱ አጠገብ ቀይ ደም ከታየ አልበሰለምና ወደ እሳቱ ይመለስ።

ወለንጪቲ ሞቃት አገር ናት፣ ብርድ የላትም የሚል ሰው ካለ በጥር ሌሊት ጤፍ ሲጠብቅ አውድማ ላይ ያላደረ ነው። ለዚህ ምግብ ደግሞ ወቅቱ ራሱ ይመቻል። ለክርስቲያኑ ጾመ ነቢያት በገና ስለሚፈታ፣ ከገና እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ከጾም ቀናት በስተቀር ዶሮ መብላት ይቻላል። በክረምቱም ሐዋርያት በሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ ጊዜ አለ።

ውድ ወገኖቼ፣ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛው ስለ ከሰል ነው። ብርድ ነው ብላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ በከሰል አትጋግሩ። ፍሙንም ቤት ውስጥ ትታችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው መርዛም ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ቤተሰብን በእንቅልፉ ይጨርሳል። ምጣዱ ከቤት ውጭ ወይም በሩ በተከፈተ ማድ ቤት ይጣድ። ሁለተኛው ስለ በሽታ ነው። ፈንግል ገባ ተብሎ የታመመች ወይም የሞተች ዶሮ አትበላም፣ ለጎረቤትም አትሸጥም። መፍትሔው ቀድሞ ማስከተብ ነው፤ ክትባቱም እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ ይመረታል። መድኃኒት የተሰጣት ዶሮም የእንስሳት ጤና ባለሙያው የነገራችሁ ቀን ሳያልፍ አትታረድ።

በመጨረሻም ለአባቶች አንድ ልመና አለኝ። አሮስቶው በገበታ ሲቀርብ መጀመሪያ ለትንሹ ልጅ ይቆረስለት። ፈረሰኛውን ለልጅ የሰጠ አባት ክብሩ አይጎድልበትም። ለኃላፊዎቻችንም በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ስንጠይቅ ስንት ዶሮ ተሠራጨ፣ ስንት እንቁላል ተሸጠ ከሚለው ጎን፣ ስንቱ ቤት በላ የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን እላለሁ። ዩኒየናችን አባላቱን ከነጋዴ ጫና አውጥቶ ለምርታቸው ዋጋ እንዲያገኙ አድርጓል። ከዚያ ምርት የልጆቻችን ድርሻ ስንት እንደሆነ የምንወስነው ግን እኛ በየማዕዳችን ነው።